ክቡር አምባሳደርና የማያልቀው ኮርስ

የሱሪውን ጫፍ አጥፎ ይዘመዝማል። ጣቶቹ ሳያይ ይሠራሉ፤ ዓይኑ ያለው ከክር ጥቅልሎቹ ላይ አስደግፎ ባቆመው ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ስለ አፍሪካ አስተዳደር፣ ሰላምና ልማት ታስተምራለች። እሱም መርፌውን እየሳበ ከእሷ እኩል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ትምህርቱን በቃሉ ይዞታል።

ይህ ሰው ልጄ ነው። እናንተም ግን ታውቁታላችሁ፤ ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ማንም ሳይመርጠው የአህጉሩን ጉዳይ በጫንቃው የተሸከመ፣ ሰላም ሳይላችሁ በፊት "ሊንኩን ልላክልህ?" የሚል ሰው። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ "ክቡር አምባሳደር" ብሎ ሰይሞታል።

ክቡርነታቸው ወደ ልብስ ስፌት ቤታቸው የመጣን ሰው ባዶ እጁን አይሸኙም። ወገቡን ሲለኩ ስለ ሥልጣን ክፍፍል፣ እግሩን ሲለኩ ስለ ድንበር ግጭት ያስረዱታል። ሜትር የተጠመጠመበት ሰው ደግሞ የት ይሄዳል? "ነጻ ነው እኮ! ጥናቱ አለ፣ ካርታው አለ፣ የተቀረጸ ትምህርት አለ፤ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ጠፋ እንጂ!" ይላሉ። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ስለ ሽግግር ፍትሕ የሚያትት ወፍራም ሰነድ ተልኮላት ሄዳለች። ቀብር ላይ እንኳ የሟችን ወንድም አጽናንተው ሲያበቁ ስለ መሬት አስተዳደር የሚያወራ ድረ ገጽ ጠቁመውታል።

"አምባሳደር፣ ሱሪዬስ?" ይላል ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ።

"ነገ።"

"ትናንትም ነገ ነበር ያልከኝ።"

"ልማት ሂደት ነው፣ ወንድሜ።"

"እኔ መች ልማት ጠየቅኩህ? ዚፕ ነው የጠየቅኩህ!"

ይህ ሁሉ እውቀት ያለው ሰው ታዲያ የኮርሱን ፈተና ይወድቃል። አንዴ ሁለቴ አይደለም፤ በወሰደው ቁጥር ይወድቃል። ፀጉር አስተካካዩ የሰማ ዕለት ምላጩን አስቀምጦ ሳቀ። "አህጉሩን ያስታረቀ ሰው በምርጫ ጥያቄ ወደቀ በሉኛ!" ልጄ ግን አልተቆጣም። "ከባድ ነው" ብቻ አለ።

እኔ ከጀርባው ጥግ ላይ ተቀምጬ የድሮ ስፌት እፈታለሁ። አሮጊት ጥግ ከያዘች ሰው እንደ ዕቃ ቆጥሮ ይረሳታል። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ አነባበቤ ይጎተታል፤ ፈተናው ግን ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ቀስ በቀስ ደረስኩበት። አንዱ ጥያቄ "ለረጅም ጊዜ የተኳረፉ ሁለት ወገኖችን ወደ ንግግር ለመመለስ ማን ቢገባ ይመረጣል?" ይላል። ጠዋት ለአንድ ደንበኛ "ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ነዋ!" እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ ሰምቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ጣቱ እዚያው መልስ ላይ ሄዶ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ወረደና "ማንም አያስፈልግም፤ ጊዜ ይፈታዋል" የሚለውን ነካ።

ስልኩ "አላለፉም፤ ትምህርቱን እንደገና ይጀምሩ" አለው። ልጄ ፈገግ አለ።

ያለፈ ሰው ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ይሰናበታል፤ ትምህርቱም ይዘጋበታል። የወደቀ ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል። መጀመሪያው ላይ ደግሞ አስተማሪዋ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ትልና የእጅጌዋን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳበስ ታደርጋለች፤ ስፌቱ መላላቱን እንደምትፈትሽ ሁሉ። እንዲህ የምታደርገው የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ነው። የእሱ ልጅ ናት፤ የእኔ የልጅ ልጅ።

ስለ ሰላም ላጥና ያለችው ዕለት አባቷ ደንበኛ ፊት ሳቀባት። "ሰላም ይመኙታል እንጂ ይማሩታል እንዴ? ይልቅ ቁልፍ መትከል ልመጂ!" አላት። ሄደች። ከዚያ ወዲህ የምትደውለው ወደ እኔ ስልክ ነው።

"አባባ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ላቅርብልሽ?"

"አይ፣ ሥራ ላይ ይሆናል።"

እሱ ይህን ጊዜ ካውያውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ትንፋሹን ይዟል። ስዘጋው "ምን አለች?" ይለኛል። "ራስህ አትጠይቃትም?" ስለው "ተያት፣ ሥራ ይበዛባታል" ብሎ ቀድሞ በተተኮሰው ሸሚዝ ላይ ካውያውን ይመልሳል። ፈተናውን ሆን ብሎ ሲሳሳት ዓይን ለዓይን የተጋጨን ዕለትም "እማዬ፣ እንዳትነግሪያት" ብሎ አስማለኝ።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ልጅቷ ስትደውል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አያቴ፣ አባባ አሁንም ይወድቃል?" አለችኝ።

ክው አልኩ። "ማን ነገረሽ?"

"ራሱ ነዋ። ስሙን ቀይሮ ጥያቄ ይልክልኛል። 'የላላ ስምምነት መጀመሪያ ሳይፈታ በላዩ ደርቦ መስፋት ይቻላል ወይ?' ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ማን አለ?" ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። "ፈተናው ላይ የሙከራ ገደብ አለው፣ አያቴ። በወደቀ ቁጥር የምከፍትለት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አትነግሪውም?"

"ካወቀ ያፍራል፤ ካፈረ ይተወዋል። አባባ በየቀኑ እንደሚያዳምጠኝ እያወቅኩ መኖር ለምጄ ነበር..." አለች። "ወሩ ሲያልቅ ግን የእኔ ትምህርት ሊነሳ ነው፤ ሌላ አስተማሪ ቀርጿል። እንዳትነግሪው፣ በሞቴ!"

እሷም አስማለችኝ።

እንግዲህ የሰላም አስተማሪና የሰላም ተማሪ ማለት እነዚህ ናቸው። እሱ አሁንም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይዘመዝማል። ወሩ ሲያልቅ አንድ ጠዋት ስልኩን ከክሮቹ ላይ ያስደግፍና ሌላ ሰው "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይለዋል። ያን ጠዋት ፊቱን ማየት አልፈልግም። የፈተናውን መልስ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው እኔ ነበርኩ፣ ሁለቱም አፌን በመሐላ ባይዘጉት። ግን ያስማሉኝ እንዳልናገር ነው። ስለ መጻፍ ያነሳ የለም፤ ፊደል መቁጠሬን ሁለቱም ይረሱታል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የሚያጥር ሱሪ ካላችሁ ወሩ ሳያልቅ ይዛችሁለት ብቅ በሉ። ሜትሩን ሲጠመጥምባችሁ ታገሱት፤ ስለ አህጉሩ ይንገራችሁ፣ ሊንኩንም ተቀበሉት። ከዚያ እኔን ጥግ ላይ እንዳላያችሁ ሆናችሁ፣ ጠጋ በሉና "አስተማሪህ ታውቅሃለች፤ ደውልላት" በሉልኝ።