ቅል የምትሰፋው ቻይናዊት

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።

ከመተኛቴ በፊት ከልጄ ከትርንጎ ጋር ተጣልተን ነበር። የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። «እማዬ፣ የተሰነጠቀ ቅል ስትሰፊ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልቅረጽሽ፤ ነገ የማስረክበው የመመረቂያ ሥራዬ ነው። ቻይናዎቹም የቪዲዮ ጥበባቸውን የጀመሩት በእንዲህ ያለ ተራ ነገር ነው፤ አንዱ የተሰበረ መስታወት ሲለጥፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይቆራርጥ ቀርጿል» አለችኝ።

«እኔ የማንም መሳቂያ አይደለሁም!» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

በሕልሜ ቴሌቪዥኖች አዳራሽ ሞልተው ሰው ያያሉ። ባለሥልጣኖች ደጅ ተሰልፈው ዘበኛውን «ጌታዬ» ይሉታል፤ እሱም «ነገ ተመለሱ» ይላቸዋል። በሩ ላይ መነጽር ያደረገች ፍየል «መቁረጥ ክልክል ነው!» እያለች ከሰው ሁሉ መቀስ ትቀማለች።

መድረኩ ላይ አንዲት ቀጭን ቻይናዊት ቅል ትሰፋለች። ከፊቷ ከሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ የተዋሰችው፣ ጥጃ የሚያክል ካሜራ ቆሟል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትሰፋ ቀና አላለችም። እኔ የሰው ሙያ በቀላሉ አላደንቅም። የእሷን ግን አደነቅኩ።

«ይህን ማን ያይልሻል?» አልኳት።

«ስንጀምርማ ማን ሊያይ! ቴሌቪዥን ጣቢያው አላስጠጋን ሲል ካሴቱን በየጓደኛችን ሳሎን ይዘን ዞርን።»

«አላፈርሽም?»

«ካሜራው የውሰት ነው፤ ለማፈር ጊዜ የለም።»

ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ ቴሌቪዥን ዞሮ ገላመጠኝ። «እትዬ የሺመቤት፣ ዝም ይበሉ እንጂ! ስፌቷ ሊያልቅ እኮ ነው!» እንባው በመስታወቱ ላይ ይወርዳል።

ቻይናዊቷ መርፌውን ዘረጋችልኝ። «የመጨረሻውን እርስዎ ይቋጩት።»

«እኔ? መሳቂያ ልሆን?»

«የሚስቅ ካለ ይውጣ!» አለ ሽማግሌው። አንድም ቴሌቪዥን አልተነሳም። ተቀምጬ ወጋሁ፣ ሳብኩ፣ ቋጠሮው ሊጠብቅ ሲል ነቃሁ።

አልጋዬ ግርጌ ካሜራ ተገትሯል፤ ከኋላው ትርንጎ።

«አንቺ ሌባ! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተኛሽ ጀምሮ፤ ሦስት ሰዓት አለፈው። ቅሉን እምቢ ስላልሽኝ ነው፣ እማዬ። ካልፈለግሽ አጠፋዋለሁ፤ ሌላ የማስረክበው ግን የለኝም።»

«ያቺ ቻይናዊት ቀና አላለችም። እኔስ ተገላበጥኩ?»

«የትኛዋ ቻይናዊት?»

«የጠየቅሁሽን መልሺ!»

«አንዴም አልተገላበጥሽም። ማንኮራፋትሽን ብቻ ቆርጬ...»

«ማንኮራፋቴን የቆረጥሽ እንደሆነ ልጄ አይደለሽም!»