የንግድ ፈቃድ ያፋታን ሰዎች

ሚስቴ ዝናሽ ሞታለች።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለ ሕግ ነው፤ አይግረማችሁ። እኛ ደባርቆች ሕግን የምናውቀው እንደ አውቶቡስ ነው። ከጎንደር ይነሣል፣ ዳባት ላይ ትንፋሽ ይወስዳል፣ አቧራውን ለብሶ ይደርሳል። ከውስጡ የሚወርደው ሰው ሁሉ የራሱን ትርጉም ይዞ ይወርዳል። አንዱ ሱቅ ሁሉ ሊዘጋ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ሁለት ሱቅ ያለው ብቻ ነው ይላል። አዋጁን ራሱን ያነበበ ግን አይገኝም። ሕግን ፈርቶ መኖር ቀላል ነው፤ አንብቦ መኖር ነው የሚያስቸግረው።

በአብዮቱ ጊዜ የወጣው የንግድ አዋጅ ትርጉም በእኛ ሰፈር እንዲህ ተባለ፦ አንድ ሰው አንድ ንግድ። ደመወዝተኛ አይነግድም፣ ነጋዴ ሁለት አይነግድም፣ ባልና ሚስት ደግሞ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ መሆናቸውን በቤተ ክርስቲያን ሰምተን እናውቃለን። እስከ ንግድ ፈቃድ ድረስ አንድ መሆናቸውን ግን የሰማነው ያኔ ነው።

እኔ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አለኝ። ዝናሽ ደግሞ ወደ ሊማሊሞ መውጫው ላይ ሻይ ቤት ነበራት። ያን ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር መጀመሪያ ያማትባል፣ ቀጥሎ የዝናሽን ሻይ ይጠጣል፤ አንዳንዱም ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በሻይ ቤቱ እናቷ እማማ የሺ ይጦሩበታል፣ እናና የምትባል ሠራተኛም ተቀጥራበታለች። ከሁለቱ ንግድ አንዱ ይዘጋ ቢባል፣ በእኔ መርፌ ይህ ሁሉ ሰው አያድርም።

ታዲያ ሌላው ያደረገውን አደረግን። ተፋታን። ያን ሰሞን የቀበሌያችንን ፍርድ ሸንጎ ያየ እንግዳ፣ ደባርቅ ውስጥ ፍቅር ያለቀ ይመስለው ነበር። ነገሩ ያልገባቸው አንድ አዛውንት ዳኛ ግን ከልባቸው ሊያስታርቁን ሞከሩ።

«ምን አደረገሽ ልጄ? መታሽ?»

«ኧረ እጁን አንሥቶብኝም አያውቅ፣ አባባ።»

«ታዲያ?»

ዝናሽ ትንሽ አሰበች። «ያኮርፋል» አለች።

«ያኮርፋል ብለሽ ነው? የእኔዋ ምን ትበል እንግዲያ» አሉና ፈረሙ።

ሳቃችንን አፍነን ወጣን። ተፋተን ምሳ አብረን በላን። ልጃችን የተወለደው ከተፋታን ዓመት አልፎን ነው፤ ማንንም አልገረመውም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። ገደል አፍ ላይ ከተማ ለሠራ ሕዝብ ይህን ተረት ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ቢነግሩን ግን ደግ ነበር።

ዝናሽን ትኩሳት ወሰዳት። ልጁ ገና አይቆምም ነበር። ሐዘኔን እንደ አገሩ ልማድ ያዝሁ፤ አርባዋ እስኪወጣ ጺሜን አልነካም አልሁ። ባል ለሞተችበት ሚስቱ ሌላ ምን ያደርግላታል?

አርባዋ ሩቅ ሳለ ስለ ፈቃዱ ወሬ መጣ። ሟች ባል ከሌላት፣ ልጇም አባት ከሌለው፣ ልጁን የምታሳድግ አያት ሻይ ቤቱን በስሟ ትይዘዋለች። ባል ካለ ግን ቤቱ አንድ ቤት ነው፤ አንዱ ንግድ ይዘጋል። ስትሞት ባል እንዳልነበራት ደግሞ ጎረቤት መመስከር አለበት። ከፍቺው ወዲህ በቀበሌው መዝገብ የቅርብ ጎረቤቷ ማን እንደሆነ ገመታችሁ? እኔ ነኝ።

እማማ የሺ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። «ነገ አብረን ቢሮ እንሄዳለን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጎረቤት ጺም አያሳድግም፣ ልጄ» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። የራሳቸው ጠጉር ለልጃቸው ሐዘን ተላጭቶ ነበር።

ተላጨሁ። ገበያውን ሳቋርጥ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁት። ጆሮዬን መሸፈን ነበረብኝ።

«አርባዋ ሳይወጣ?» አለች አንዲት ጌሾ ሻጭ።

«ሌላ አይቶ ነዋ» አለች አጠገቧ ያለችው። «እሷስ ዐረፈች።»

ቢሮው ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ፈቃድ የሚሰጡት ምስጋናው ይባላሉ፤ በሥራ ሰዓት ጓድ፣ ከሥራ በኋላ አቶ ናቸው። ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤታችን መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

«ሟች ባል ነበራት?»

«አልነበራትም» አሉ እማማ የሺ።

«የልጁ አባት?»

ልጁን በጀርባቸው አዝለውታል። ግንባሩ የእኔ ነው፤ ጆሮው የእኔ ነው። «አይታወቅም» አሉ።

አይታወቅም። እናት ስለ ገዛ ልጇ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሰው በሞላበት ቢሮ ይህን ተናገረች። አንዲት ቃል ብናገር ዝናሽ ስሟ ይመለስላት ነበር። ሻይ ቤቱ ደግሞ ይዘጋ ነበር።

ጓድ ምስጋናው ወደ እኔ ዞሩ። «ምስክር፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልሁ።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ቀብሯ ላይ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀ፣ አንድም ሰው አልተቃወመ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ምን ያድርግ? ሁሉም የተፋታ ነው።

ጓድ ምስጋናው ጽፈው ሲጨርሱ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አስማረ፣ ጺምህን ምን አስነካህ? ሕጉ እኮ ጺም አልጠየቀም።»

ሻይ ቤቱ ተረፈ። እናና ሥራዋን አላጣችም፤ ሹፌሩም ሻዩን አላጣም። ማን ተጎዳ? የሞተ ሰው ምን ይጎዳል? እንዲህ እያልሁ መንገዱን ጨረስሁት፤ እናንተም ብትሆኑ እንዲህ ትሉ ነበር።

አመሻሽ ላይ ለቅሶ ደራሾች መጡ። አቶ ምስጋናው ከመካከላቸው ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በቀጥታ ወደ እኔ መጡና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አስማረ፣ እግዜር ያጥናህ። ደግ ሚስት ነበረችህ» አሉኝ።

ሹፈት አልነበረበትም፤ ከልባቸው ነው። ሹፈት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሲነሡ እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው። ስመለስ ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ የሐዘንተኛው ፍራሽ ብቻ ባዶ ነው፤ ሰው ቦታዬን ጠብቆልኛል። እማማ የሺ ቀና ብለው አዩኝ። ፍራሹን አልፌ ሄድሁና በሩ ሥር፣ ጎረቤት የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ።