ዜና አርምሞ ዘሐጌ በደሴተ ሚሲሲፒ

በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስድስት ዓመት፣ በሯ ከውስጥ ብቻ የሚከፈተው የሐጌ ቀይ መኪና በነገሠች በስድስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሜይ፣ በረዶ ድል ተነሥቶ አእዋፍ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚዘምቱበት ወራት፣ ድምፀ ነጎድጓድ ሐጌ፣ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ቤተ ክርስቲያን ያለ ማይክ ማስታወቂያ የሚያውጅ፣ ስልክ ሲያወራ ጎረቤት ሁሉ ወሬውን የሚጨርስለት፣ ዝም ለማለት ዘመተ። አይ ጉድ! ከዚህ የከበደ ዘመቻ እኛ ጸሐፍት አልገጠመንም።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ባለቤቱ እመቤት የምሥራች፣ ዐይነ ንስር፣ ሌሊቱን በዉድበሪ ከተማ አረጋውያንን ስትንከባከብ አድራ፣ ቅዳሜ ጧት በኩን ራፒድስ ከተማ አጠገብ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ መካከል ካለችው ደሴት ወፍ ማየት ትወዳለች፤ ይልቁንም ጉሮሮዋ ብርቱካንማ የሆነችውን፣ በፀደይ ለጥቂት ቀን ብቅ ብላ የምታልፈውን ትንሽ ወፍ ትናፍቃለች። አምና ወፊቱ ገና ስታርፍ ሐጌ «ያቻትልሽ!» ብሎ ጮኸ፤ ወፊቱም እስከ ካናዳ ሳትቀመጥ ሄደች ይባላል። ካቻምናም እንዲሁ ሆነ። ስለዚህ እመቤት አወጀች፦

«ስማ ሐጌ፣ ላልሰማም አሰማ! ዘንድሮ ትንፍሽ ብትል፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ብቻዬን ድራይቭ አድርጌ እሄዳለሁ፤ አንተ ሶፋህ ላይ ተጋድመህ ከቲቪው ጋር አውራ!»

ሐጌም ፈራ፣ እውነቱን ለመናገር ሆዱ ባባ። እሱ የቀን፣ እሷ የሌሊት ሺፍት ስለሚሠሩ፣ እሁድም የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ ሚስቱን እንደ ልቡ የሚያገኛት ቅዳሜ ጧት ብቻ ነበርና።

የተከተለውም ሠራዊት ይህ ነው፤ ርእሰ ጎረቤት ኤዶሳ ከነተጣጣፊ ወንበሩ፣ ሻይ የጠገበ ፔርሙዝ፣ የትንኝ መከላከያ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ። ቆሎው ሲቆረጠም ስለሚጮህ በእመቤት ትእዛዝ መኪና ውስጥ ታሰረ፤ ኤዶሳም እያጉረመረመ ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግረውን ድልድይ ተሻገረ።

በደሴቲቱም ሰፈሩ። ትንኝ የሐጌን አፍንጫ ወረረ፤ ዝም አለ። ማስነጠስ መጣበት፤ በኮፍያው አፍኖ ዋጠው። ከዚያም ወፊቱ መጣች፣ ከፊታቸው ካለችው ቅርንጫፍ ላይም አረፈች፤ ጉሮሮዋ እንደ ፍም ይነድ ነበር።

በዚያችው ቅጽበት ሐጌ ከድልድዩ ማዶ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የዓሣ ማጥመጃውን መኪና ላይ የሚጭን ሰው አየ። ቸሩ ነው! ሐጌ አሜሪካ በገባ ጊዜ አንድ ክፍል አካፍሎ ያኖረው፣ መንዳት ያስተማረው፣ ወደ ዳላስ ከሄደ ወዲህ ስልክ ቁጥሩ ከሐጌ እጅ የጠፋው ቸሩ! አሁንም ሊሄድ ነው። አንዴ ቢጠራው ይሰማል፤ ግን ቢጮህም ቢነቃነቅም ወፊቱ ትበራለች። የማያውቀውን ሰው እንኳ ሰላም ሳይል የማያልፈው ሐጌ፣ አፉን በሁለት እጁ ከድኖ፣ እንባው በጣቶቹ መካከል እየወረደ፣ ወዳጁን ዝም ብሎ አየው። ወይ ፈተና!

እመቤትም ወፊቱን ስታይ ቆይታ፣ ደስታዋን ልታካፍለው ወደ ባሏ ዞረች፤ እንባውን አየች፤ ዐይኑን ተከትላም ቸሩ የመኪናውን በር ሲከፍት አየች። ወፊቱ ገና ከቅርንጫፏ አልተነሣችም ነበር። እመቤትም ብድግ ብላ፣ ደሴቲቱን በሚያናውጥ ድምፅ አወጀች፦

«ቸሩ! ኧረ ቁም! አንተ ቸሩ፣ ሐጌ እዚህ ነው!»

ወፊቱ በረረች፤ ዳክዬውም ዝዩም ተነሣ፤ ኤዶሳ ከነወንበሩ ተገለበጠ። ቸሩ ግን ቆመ። ሁለቱም ድልድዩ መካከል ተገናኝተው ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ፣ እመቤት ከኋላ ደርሳ ሁለተኛውን አዋጅ አስነገረች፦

«ቸሩ፣ ምስክር ሁን! ቅዳሜ ያለ ሐጌ ንቅንቅ አልልም፤ እንደ ፈለገ ይጩህ!»

ክብር ይገባዋል ለሐጌ፣ መዋዔ ማስነጠስ፣ ገባሬ አርምሞ! አገር የያዙ ጀግኖች ሞልተዋል፤ አፉን ይዞ የሚስቱን ልብ የማረከ ግን እሱ ነው፤ ዕድሜውን እንደ ድምፁ ያርዝምለት፣ አሜን።