ኮምፒውተር ውስጥ ስልክ ፍለጋ

እኔ የምለው፣ ሁሉ ሰው ስልክ አለው ብሎ የወሰነው ማነው? የዘንድሮ የመምህራን ዝውውር ምዝገባ በስልክ አፕ ብቻ ነው ተባልን። በወረቀት የለም! የእኔን ስልክ ደግሞ እዚሁ ማርቆስ አስፋልት ላይ ባጃጅ ከነተሳፋሪው ሄዶበታል። ሚስቴና ልጄ ያሉት ደምበጫ ነው። ልጁ እኔን ሲያይ እንግዳ መጣ ብሎ ያለቅሳል። ዘንድሮም ካልተዛወርኩ አባትነቴ ቀረ ማለት ነው።

የሰው ስልክ ተዋስ እንዳትሉኝ። አፑ በአንድ ስልክ ሁለት መምህር አይመዘግብም፤ አፕ የሚጭን ስልክ ያለው የማውቀው ሰው ሁሉ ደግሞ መምህር ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ቢሮ ገብቼ ኢሙሌተር ጫንኩ፤ ኮምፒውተሩን ስልክ የሚያስመስል ነገር ነው። ማስታወቂያው እስከ ዛሬ 11 ሰዓት ይላል። ምን አስቸኮለኝ?

«ቨርቹዋላይዜሽን ተዘግቷል» አለኝ፤ ያለሱ ኢሙሌተሩ አይነሳም። ይከፈታ! የት ነው የሚከፈተው? ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው አሉ ቢሮው ውስጥ የተሰበሰቡት መምህራን። የትኛዋን? አንዱ ይህችን፣ ሌላው ያችን። ሁሉንም ደበደብኳቸው። እንደ ምንም ገብቼ ከፈትኩት። ኢሙሌተሩ ተነሳ፣ ዘጠና ዘጠኝ ፐርሰንት ደረሰና ቀጥ! የፊዚክሱ መምህር አጥፍተህ አብራው አለ። የስፖርቱ በጥፊ በለው አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ለካ ቨርቹዋላይዜሽኑን ሌላ ፕሮግራም ይዞበት ኖሯል። እሱንም ዘጋሁት።

ስልኩ ተከፈተ። አፑ ግን መገናኘት አልችልም አለ። ኢንተርኔቱ ይሠራል። አጠፋሁ፣ ጫንኩ፣ ተሳደብኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። በኋላ ከሥር «የመሣሪያዎን ቀን ያረጋግጡ» የምትል ደቃቃ ጽሑፍ አየሁ። አረጋገጥኩ። ቀኑ ልክ ነው። ወሩም ልክ ነው። ዓመተ ምሕረቱም ልክ ነው።

ቆይ፣ ዓመተ ምሕረት? ይህ የፈረንጅ ማሽን የእኛን ዘመን ከየት አወቀው?

ጸሐፊያችን እትዬ ውድነሽ ናቸው፤ ደብዳቤ ላይ ቀኑ ራሱ እንዲወጣላቸው ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ እኛ አዙረውታል። እኔም ጠዋት ሙሉ እያየሁት ልክ ነው ብዬ አልፌዋለሁ! ለአፑ ግን ኮምፒውተሩ ያለው ከስንት ዓመት በፊት ነው፤ ማን ያናግረው? እናቴ ሊሆኑ በሚችሉ ሴት ላይ ጮኽኩ። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ።

ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ ፈረንጁ መለስኩ። አፑ ወለል ብሎ ተከፈተ። በቀይ እንዲህ ይላል፦ «ምዝገባው 11:00 ላይ ተዘግቷል።»

እንዴ! ገና ዘጠኝ ሰዓት አይደለም እንዴ? ከዚያ ገባኝ። አፑን የሠሩት ሰዎች የእኛን አሥራ አንድ ሰዓት እንዳለ ሞልተውታል። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሩን ቆልፎ ሄዷል።

እትዬ ውድነሽ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ እነዚያም እንደኔው ናቸው። በል እነሱ ላይ ጮኸህ አሳየኝ!»

ማን ላይ እጮኻለሁ? የስልክ ቁጥር እንኳ የላቸው።

«በል ተነስ፣ አቤቱታህን ልጻፍልህ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ቀኑን ወደነበረበት መልስልኝ። የፈረንጅ ቀን ያለበት አቤቱታ ማን ይቀበልሃል?»

መለስኩት።