«ችግር የለም» ባዩ ሞሞ ኔማኒ

የእጄ አንጓ አብጦ ራጅ ልነሳ በሄድኩበት ሆስፒታል፣ ከሲቲ ስካን ክፍሉ ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ክቡር ሞሞ ኔማኒን አገኘኋቸው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ እኛ ዘንድ የእናት ወንድም ሞሞ ይባላል። በአገጫቸውና በትከሻቸው መካከል አንገት የሚባል ነገር ጠፍቷል። እብጠቱ ቤት ውስጥ በታሹበት የኮኮናት ዘይት ያብረቀርቃል። ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው በመሐረብ ይጠርጋሉ።

«ሞሞ፣ ምን ሆኑ?»

«ችግር የለም። ጥርስ ናት።» ድምፃቸው ከትራስ ሥር የሚወጣ ይመስላል።

«ችግር የለም» ባይ የሌለበት ዘመድ የለም። እንደ ሞሞ ኔማኒ ያለ ግን ፊጂ ሁለተኛ አልወለደችም። ከኦቫላው ደሴት ስንመለስ የጀልባዋ ሞተር መሀል ባሕር ላይ ቀጥ ሲል፣ «ችግር የለም» ብለው ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተኙ፤ ዓሣ አጥማጆች ባይጎትቱን ዛሬም እዚያው ነን። አውሎ ነፋስ የጣሪያቸውን ቆርቆሮ ነቅሎ ጎረቤት ጓሮ ሲጥለው፣ «ችግር የለም፣ ቤቱም ይሞቅ ነበር» አሉ። በልጃቸው ሠርግ፣ እንዲበስል ከጋለ ድንጋይ ጋር ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው አሳማ ጥሬውን ሲወጣም መፍትሔ አላጡም፤ «ችግር የለም፣ ሙሽሮች መች ይበላሉ?»

ሐኪሟ ዶክተር ሻሊኒ ብቅ አለች።

«አባቴ፣ የጥርስዎ መግል ወደ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ከላይ አይቼ የት እንደደረሰ ማወቅ አልችልም። ወደ ደረት ከወረደ ለሕይወትዎ ያሰጋል። ማሽኑ ያሳየናል፤ ግን በጀርባዎ ተጋድመው ሳይንቀሳቀሱ መቆየት አለብዎት። ይችላሉ?»

«ችግር የለም።»

«ትንፋሽስ?»

«ችግር የለም።»

ሰሞኑን በደጃቸው ሳልፍ በረንዳ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሲያንቀላፉ አያለሁ፤ ነፋስ ፍለጋ መስሎኝ ነበር። ለካ መተኛት አቅቷቸው ኖሯል። ግን ትልቅ ሰውን በባዕድ ፊት «ዋሹ» ማለት እንዴት ይሆናል? ነርሱ አልጋውን እየገፋ መጣ። ሞሞ አልጋውን ሲያዩ መሐረቡን ጨመቁት።

ያኔ ማንነቴ ትዝ አለኝ። የእህታቸው ልጅ፣ በእኛ አጠራር ቫሱ ነኝ። ቫሱ ከአጎቷ ንብረት ዓይኗ ያረፈበትን ሳትጠይቅ ትወስዳለች፤ አጎትም እምቢ አይልም። እስከዚያን ቀን የወሰድኩት ዶሮና መቅዘፊያ ብቻ ነበር።

«ዶክተር፣ ችግር አለ» አልኩ። «ተጋድመው መተኛት አይችሉም። ሰሞኑን የሚያድሩት ተቀምጠው ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ።»

«ቫሱ ነኝ ሞሞ። ‹ችግር የለም› የምትለዋን ቃልዎን ወስጃታለሁ።»

አፈጠጡብኝ። ከዚያ ዓይናቸው እርጥብ አለ። አልተከራከሩም፤ ቫሱ ወሰደች ከተባለ አበቃ።

ዶክተር ሻሊኒ ጀርባቸውን በእጇ ደግፋ በጥቂቱ ብታዘነብላቸው፣ ከጉሮሯቸው እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ወጣ። ቶሎ ቀና አደረገቻቸው።

«መጀመሪያ ትንፋሹ፣ ፎቶው ይደርሳል» አለች።

ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወስደው፣ የመተንፈሻ ቱቦ አስገብተው፣ በማደንዘዣ አስተኝተው ወደ ሲቲ ስካኑ መለሷቸው። በሩ ተዘጋ፤ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። አንጓዬን ረስቼ በሩ ላይ አፈጠጥኩ። ከአጠገቤ አንድ ሰው «ችግር የለም፣ ችግር የለም» እያለ ያንሾካሹካል። ዞር ብል ማንም የለም። እኔው ነበርኩ።

ሐኪሟ ጠርታ አሳየችኝ። የሞሞ አንገት እንደ ጎደሬ በስሱ ተከትፎ በስክሪኑ ላይ ያልፋል። ከአየር ቧንቧው ጎን ጠርዙ ያበራ ጥቁር ኩሬ ተኝቷል፤ ቧንቧውን ገፍቶ ገፍቶ ቀጭን ስንጥቅ አድርጎታል።

«ይሄ መግል ነው። ትንሽ ቢቆይ ደረት ይገባ ነበር። አሁኑኑ እንከፍተዋለን።»

ሌላ ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ ቱቦው ወጥቶላቸው፣ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ሾርባ ሲጠጡ ደረስኩ። ዶክተር ሻሊኒ «ያምዎታል?» አለቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ፣ እኔን አዩ፣ የለመዷትን ቃል ዋጥ አደረጓት።

«ያማል» አሉ።

ልወጣ ስነሳ በጣታቸው ጠሩኝ።

«ቫሱ፣ አሳማዬን ውሰጂ። ጀልባዋንም ውሰጂ። ያቺን ቃል ግን መልሺልኝ፤ ሐኪሞቹ በመጡ ቁጥር እውነቱን ስነግራቸው መርፌ ይጨምሩብኛል።»