አቶ አስረስ የቆረቆሩት ከተማ

ሰው ልጅ ወልዶ ስም ያወጣለታል፤ ልጁም ቢወድም ባይወድም ስሙን ተሸክሞ ይኖራል። ከተማ ግን እንዲህ ያለ ገራም ልጅ አይደለም። እናንተ ክርስትና ልታነሱት ሽር ጉድ ስትሉ፣ እሱ ሌላ ስም ሲጠራ አቤት ይላል።

እኛ ከዳንግላ ደጋ ወደ ጫግኒ ቆላ የወረድነው መሬት ፍለጋ ነበር። ጫካውን ያስመነጠሩት፣ ለመጪው ሁሉ የቤት ቦታ የመሩት አቶ አስረስ ናቸው። ቦታው እውነት ለመናገር ያምራል፤ ከገደሉ አፋፍ ሆናችሁ ወንዙን ቁልቁል ስታዩት ወባውን ትረሳላችሁ። ወባው ግን አይረሳችሁም። አቶ አስረስ ልጅ የላቸውም። «ስሜን የሚያስጠራ አልወለድሁም፤ እንግዲህ ይቺው አገር ታስጠራኝ» ሲሉ አንጀት ይበሉ ነበር። እኛም «አስረስ ከተማ ትባላለች!» ብለን ቃል ገባን።

ቃል ሳይበሉበት አይጸናምና ሰንጋ ጣሉ። ደጋ ላይ እስካለችው የግምጃ ቤት ከተማ ድረስ ሰው ተጠራ። ታዲያ በዚያ ጠራራ ፀሐይ እንግዳው የት ይቀመጥ? ያለው ጥላ አንድ ዋርካ፣ ከዋርካው ሥር ያለችው ጠላ ሻጯ ጥሩዬ። ድግሱ እዚያው ሆነ። ሥጋው የአቶ አስረስ ነው፤ ይህን ማንም አልካደም። ቄሱ አዲሱን ስም መረቁ፣ እኛም አሜን ብለን በላን፣ ጠጣን።

በማግስቱ ወደ ደጋ የተመለሱት እንግዶች «ትናንት የት ጠፍታችሁ ነው?» ሲባሉ፣ በአገውኛም በአማርኛም መልሱ አንድ ሆነ፦ «ጥሩዬ ጋ ሰንጋ ተጥሎ!» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የአገሩ ስም በዚያው «ጥሩዬ ጋ» ሆኖ ረጋ።

አቶ አስረስ ጥሩዬን አስጠሩ። «አንቺ ልጆች አሉሽ። ይቺን እንኳ ለእኔ ተይልኝ» አሏት።

አዘነችላቸው። «ይውሰዱት፣ ጋሼ። ስም እንደሁ ጠላ አይወጣውም» አለችና እንስራዋን ሸክፋ ዳንግላ ገባች። ዋርካው ሥር ሰው ጠፋ። ስሙ ግን ከእሷ ጋር አልሄደም።

በዓመቱ ከአቶ አስረስ ጋር ከጫግኒ በእህል መኪና ተሳፍረን ስንመለስ፣ ሾፌሩ «አባባ፣ የት ልጣልዎት?» አላቸው።

«አስረስ ከተማ።»

«እንዲህ የሚባል አገር አላውቅም» አለና ነዳው። ዋርካው መጣ። ዋርካው አለፈ። አቶ አስረስ ዘወር ብለው አዩት፤ ከዚያ የጋቢናውን በር በከዘራ እየደበደቡ «ጥሩዬ ጋ! ኧረ ጥሩዬ ጋ አውርደኝ!» ብለው ጮኹ።

ሾፌሩ ወዲያው ፍሬን ያዘ። «እንዲህ አይሉም ታዲያ! ለመሆኑ ጥሩዬ ምንዎ ናት?»

አቶ አስረስ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ጋቢያቸውን አራገፉ።

«ልጄ ናት» አሉ።