የሣሩ ክፍል ቁልፍ

አንዳንድ ሥራ ከመሥራቱ ይልቅ ማስረዳቱ ይከብዳል። ሾፌር ብትሆኑ «ሾፌር ነኝ» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። እኔ ሰመራ ከተማ፣ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ የዕፅዋት ናሙና ክፍል ረዳት ስሆን ግን፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ የሚሠራው አባቴ «ልጄ ላብራቶሪ ገባ» ብሎ ለሰፈሩ አወጀ። ለእረፍት ስሄድ የሆድ ሕመሙን የሚነግረኝ ጎረቤት በዛ። ሥራዬ እኮ የደረቀ ቅጠል ወረቀት ላይ መለጠፍ ነው! ማድረቁም ቢሆን በሰመራ ሙቀት ማሽን አይፈልግም፤ መስኮት መክፈት ይበቃል።

አብራኝ የምትሠራው ፋጡማ የአዳይቱ አካባቢ አርብቶ አደር ልጅ ናት። እኔ የለጠፍኩት ቅጠል ሲንጋደድ የእሷ ግን ገና ያልተቀጠፈ ይመስላል። ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር ሲቀራት አባቷ መጡ። ዝናብ ጠፍቷል፣ እናቷ ታመዋል፣ ከብቱንና ፍየሉን የሚያግዳቸው ሰው የለም። ሊወስዷት ነው የመጡት። ፋጡማ አልተከራከረችም። «ከመሄዳችን በፊት የምሠራበትን ቤት እይልኝ፣ አባ» ብላ ይዛቸው መጣች።

ሽማግሌው በሩ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ከለከልናቸው። ፋጡማ ቁም ሣጥኑን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። ከነሥሩ የተለጠፈ ሣር ነው፤ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ መሬቱን ሳይወርረው በፊት ከእነሱው አካባቢ የተነቀለ።

«ቢስሚላህ» አሉ። እጃቸውን ሰደዱና ሳይነኩት መለሱት።

«ይሄ እኛ ዘንድ ጠፍቷል» አሉኝ በአማርኛ። «ላም ይሄን ስትበላ ወተቷ…» አልጨረሱትም። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «ከብት አላችሁ?»

«የለንም፣ አባባ።»

«እኔ ከብት አለኝ፣ ሣር የለኝም። እናንተ ሣር አላችሁ፣ ከብት የላችሁም።»

ፈገግ ብለው ነው ያሉት። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ።

ዘሩ ይበቅል እንደሆነ ጠየቁ። ፋጡማ አልዋሸቻቸውም፤ ይሄኛው አርጅቷል፣ አይበቅልም አለቻቸው። የመመረቂያ ጥናቷ ግን ይኸው ሣር ዛሬም የቀረበት ቦታ ካለ መፈለግ እንደሆነ ነገረቻቸው። ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ። እኔ ሥራ የያዝኩ ለመምሰል ሙጫ መክደን ጀመርኩ።

ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው ሣሩን እንደገና አዩት። ቀና ብለውም፣

«የዚህን ቤት ቁልፍ የሚይዘው ማነው?» አሉ።

«እኔ» አለች ፋጡማ።

«እንግዲህ ለማን ጥለሽው ትመጫለሽ?»

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ብቻቸውን ተመለሱ። ለከብቶቹ የእህታቸውን ልጅ ሊለምኑ ነው። ፋጡማም በእረፍት ቀኗ እየሄደች እናቷን ልታይ ተስማሙ። ሣሩ እስካሁን አልተገኘም፤ እሷ ግን ፍለጋዋን ቀጥላለች።

እኔን ታዘቡኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ? ሽማግሌው ያን ጥያቄ ሲጠይቁ፣ የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዳይንሿሿ በመዳፌ ጭብጥ አድርጌ ይዤው ነው የቆምኩት።